ጳጉሜን የረሳ ኮድ፦ ድሬ ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ታኅሣሥ ላይ ነው። አንዲት ጎረቤቴ፣ እንደ እናቴ የማያቸው ሴት፣ የቀጠሮ ወረቀት ይዘው መጡ። "እስቲ ይቺን እይልኝ ልጄ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ወይስ እነሱ?" አሉኝ። ወረቀቱ ላይ "ታኅሣሥ 15፣ 9፡00 ሰዓት" ይላል። እሳቸውም በታኅሣሥ 15 ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከሳቢያን ባጃጅ ተሳፍረው ክሊኒኩ ደረሱ። ቀጠሮዎ ካለፈ 9 ቀን ሆኖታል ተባሉ።

እሳቸው አልተሳሳቱም። የተሳሳተው ፕሮግራሙ ነው። ዲሴምበር 15ን ወስዶ የወሩን ስም ወደ ታኅሣሥ ቀየረና ቀኑን እንዳለ ተወው። ዲሴምበር 15 በእኛ ታኅሣሥ 6 ነው። ሰዓቱም እንደዚያው፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት መሆን የነበረበት በፈረንጁ 9፡00 ሆኖ ታተመ። ፕሮግራሙን የሠራው ደግሞ እኔ ጋ የተማረ ልጅ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ እወደዋለሁ። ጠርቼ ስጠይቀው "ኮዱን ቻትቦቱ ነው የሰጠኝ፣ ሞክሬው ግን ሠርቷል" አለኝ።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በአንዲት ክፍል ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ ፕሮግራሚንግ አስተምራለሁ። ይቺን "ሠርቷል" የምትል ቃል ስንቴ እንደሰማኋት አልቆጠርኩም። አቦ፣ ሠርቷል ማለት ምን ማለት ነው? ስትከፍተው ቀይ ጽሑፍ አላሳየም ማለት ነው? አንድ ቀን ስታስገባ የሆነ ቀን አወጣልህ ማለት ነው? ልጁ የሞከረው በአንድ ቀን ብቻ ነው፣ ያወጣለትንም ከካላንደር ጋር አላስተያየውም። ከተቀመጠበት ወንበር ጀርባ ግድግዳው ላይ የዓመቱ ካላንደር ተሰቅሏል፣ ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ያለበት። ዞር ብሎ ቢያይ ይበቃው ነበር።

ቻትቦት እንዴት እንደሚሠራ የገባው ሰው በዚህ ስህተት አይደነቅም። ከቻትቦት ጀርባ ሆነው መልሱን የሚጽፉት የዛሬዎቹ ሞዴሎች የቆሙበት ትራንስፎርመር የሚባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2017 በጉግል ተመራማሪዎች የቀረበ ነው። ሞዴሉ ስፍር ቁጥር የሌለው ጽሑፍ ያነብና ቀጥሎ የሚመጣውን ቁራጭ እየገመተ ይጽፋል። ካነበበው ኮድ አብዛኛው የተጻፈው በፈረንጅ ካላንደር ነው። 13 ወር ያለው አቆጣጠር የገጠመው በጥቂቱ ነው። ስለዚህ ሲጨንቀው ብዙ ጊዜ ያየውን ይሰጣችኋል፣ ያውም በሙሉ ልብ። የሚያውቀውንም የማያውቀውንም በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚናገረው፤ ጀማሪውን የሚያሳስተውም ይሄ ነው።

የቀን ኮድ ከቻትቦት ስትቀበሉ እንግዲህ እነዚህን አስገቡበት። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው። መስከረም 1 ቀን 2016 ደግሞ በማግስቱ፣ ሴፕቴምበር 12። ሁለቱንም በትክክል ከመለሰ ዘመነ ሉቃስ ላይ ጳጉሜ 6 እንደምትሆን ያውቃል ማለት ነው። ቀጥሎ አንድ ቀን ከጥቅምት፣ አንድ ቀን ከየካቲት ስጡት። የዓመቱ ልዩነት ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ነው፣ ከጃንዋሪ ወዲህ ግን 8 ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ 8 የሚቀንስ ኮድ በጣም ብዙ አይቻለሁ። ጃቫስክሪፕት የምትጽፉ ከሆነ የኢትዮጵያን አቆጣጠር የሚያውቅ የቀን ማሳያ አብሮት አለ፣ ከዜሮ መጻፍም አያስፈልጋችሁም። ሰዓቱን ውስጥ ለውስጥ በፈረንጁ አስቀምጡት፣ ለሰው ስታሳዩት ግን የ6 ሰዓቱን ልዩነት አስተካክሉና "ከጠዋቱ" ወይም "ከቀኑ" የሚለውን ቃል ጨምሩበት። ቁጥር ብቻውን ለድሬ ሰው በቂ አይደለም።

እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም። ቻትቦት የሚባል ነገር ሳይመጣ፣ በገዛ እጄ፣ መጋላ ላለ አንድ ነጋዴ የዱቤ መዝገብ ሠርቼለት ነበር። ወሮቹን 12 አድርጌ ጻፍኳቸው። ዓመቱን ሙሉ ያለ ችግር ሄደ። ጳጉሜ 1 ቀን በጠዋት ደወለልኝ፣ "አልመዘግብም ብሏል" አለኝ። ሰው ለእንቁጣጣሽ ዘይቱን፣ ዱቄቱን፣ ቅመሙን በዱቤ የሚወስድበት ሳምንት ነው። 5ቱን ቀን እሱ በደብተር ጻፈ፣ እኔ ማታ ማታ እየሄድኩ ከደብተሩ ገለበጥኩ። በግርግሩ የሁለት ሰዎች ዱቤ ሳይጻፍ ቀረ። ገንዘቡን እኔ ከፈልኩ፣ እሱ ምንም አይደለም። ነጋዴው ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ከሚያውቀው ደንበኛው ጋር "ወስደሃል፣ አልወሰድኩም" ተባብሎ ተኳረፈ። ያ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ኮድ ስትጽፉ ከዚያኛው ጫፍ ያለ ሰው እንዳለ አትርሱ የምለው ለዚህ ነው።

ስለ ሰው ካነሳን አይቀር፣ የሰው መረጃ ለቻትቦት መለጠፍ ይቅር። አንዱ የደንበኞችን ዝርዝር ከነስልካቸው ለጥፎ "በሰንጠረዥ አስተካክልልኝ" ሲል ደረስኩበት። የፋይዳ ካርድ ፎቶ የሚልኩም አሉ። የላካችሁት ነገር ሌላ ሀገር ያለ ኮምፒውተር ላይ ደርሷል፣ መልሳችሁ አታወጡትም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል፣ ቁጥሩ 1321 ነው፣ ጊዜ ወስዳችሁ አንብቡት። ስሞቹን በ"ሀ"፣ "ለ" ቀይራችሁ ብትልኩ ሥራው ያው ነው የሚሠራላችሁ።

አማርኛውን ደግሞ በእንግሊዝኛው ልክ አታስቡት። ይሄ ብዙ ሰው የማያየው ነገር ስለሆነ ረጋ ብዬ ላስረዳ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተሮች የጋራ መዝገብ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የተለመደ አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የእኛ አንድ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። "ሰላም" 9 ባይት ናት። ሞዴሎቹ ጽሑፉን ቶከን ወደሚባሉ ቁርጥራጮች ይከፋፍሉታል። መቀሱ የተሳለው ግን ብዙ ጊዜ ባዩት ቋንቋ ነው። አንዱ የእንግሊዝኛ ቃል በአንድ ቶከን ሲያልፍ የእኛው ብዙ ቦታ ሊቆራረጥ ይችላል። ክፍያው በቶከን ሲሆን ተመሳሳዩ ሐሳብ በአማርኛ የበለጠ ያስወጣል ማለት ነው። አንድ ተማሪዬ በእንግሊዝኛ ሞክሮ ወጪውን አስልቶ ለደንበኛ ዋጋ ሰጠ፤ የአማርኛው ጥያቄ መምጣት ሲጀምር ሒሳቡ ፈረሰበት። መጀመሪያውኑ በአማርኛ ሞክሩ።

ፍለጋ ላይም እንዲሁ። "ኃይሉ" ተብሎ የተመዘገበን ሰው "ሀይሉ" ብላችሁ ብትፈልጉት አይገኝም። ለእኛ አንድ ድምፅ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች። ስትፈልጉ ሀ፣ ሐ እና ኀን ከነሃ፣ ሓ እና ኃ ወደ አንድ አምጧቸው፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀንም እንደዚያው። የተመዘገበውን ስም ግን አትንኩት። የሰው ስም ባለቤቱ እንደጻፈው ይቀመጥ።

ድሬ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እዚህ ሰው በሶማሊኛ "ወሪያ" ብሎ ይጀምርና ጥያቄውን በአማርኛ ጠይቆ በኦሮምኛ "ገለቶሚ" ብሎ አመስግኖ ይጨርሳል። በአማርኛ ብቻ የተፈተነ ቦት እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሰው ይደናገራል። ቦት የምትሠሩ ልጆች፣ ቀፊራ ገበያ ሂዱና ሰው እንዴት እንደሚጠይቅ ግማሽ ቀን አዳምጡ። የምትሰሙትን ጻፉና በእሱ ፈትኑት።

ወደ ዕቃው ልምጣ። "ኤአይ" የሚል ተለጣፊ ስላለበት ብቻ ላፕቶፕ አትግዙ። ሒሳቡ ቀላል ነው። 7 ቢሊዮን ፓራሜትር፣ ማለትም የተማረውን የያዘበት ቁጥር፣ ያለው ሞዴል እያንዳንዱ ቁጥር 2 ባይት ሲይዝ 14 ጊጋባይት ይሆናል። ወደ 4 ቢት ሲጨመቅ 3.5 ጊጋባይት ገደማ ይደርሳል። 70 ቢሊዮኑ ተጨምቆም 35 ነው። አንድ ልጅ 8 ጊጋ ራም ያለው ማሽን ይዞ መጥቶ 70 ቢሊዮኑን ጫንልኝ አለኝ። ቤተሰብ አስቸግሮ የገዛው ማሽን ስለሆነ መልሱን መናገር ከበደኝ። ትንሹን ሞዴል ጫንኩለት፣ ቀስ እያለም ቢሆን ሠራለት። ማይክሮሶፍት ኮፓይለት ፕላስ ለሚላቸው ማሽኖች ያስቀመጠው ዝቅተኛው ራም እንኳን 16 ጊጋ ነው። ተለጣፊውን ተዉት፣ ራሙን ጠይቁ።

ሙቀቱንም አስቡበት። ግንቦትና ሰኔ ላይ የድሬ አየር ራሱ ሞቃት ነው፣ ማራገቢያው የሚስበውም ያንኑ አየር ነው። ቺፑ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። "ቫይረስ ገባበት" እየተባሉ ከሚመጡልኝ ላፕቶፖች ብዙዎቹን ስከፍታቸው ማራገቢያው ላይ አቧራው እንደ ጨርቅ ተነጥፎ አገኘዋለሁ፤ በብሩሽ ስስበው ሳይበጠስ በአንድ ቁራጭ ይነሳል። ፍራሽ ላይ አስቀምጣችሁ አትሥሩ። ያለ ስታቢላይዘርም አትሰኩ።

ኳንተም የሚለውን ስም ሰምተው "እሱ ከመጣ ያሁኑ ኮምፒውተር ይቀራል፣ ታዲያ ምን ልማር?" የሚሉኝም አሉ። ኳንተም ኮምፒውተር የፈጠነ ላፕቶፕ አይደለም። ለተወሰኑ የሒሳብ ዓይነቶች የሚሆን ሌላ ማሽን ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2023 ያሳየው ኮንዶር 1,121 ኪዩቢት (የኳንተም ኮምፒውተር ትንሿ የመረጃ መያዣ) ነበረው፣ ጉግል በ2024 ያወጣው ዊሎው ደግሞ 105 ነው፤ የዊሎው ዜና የነበረው ስህተትን መቀነስ መቻሉ ነው እንጂ ብዛቱ አልነበረም። ሁለቱም የሚሠሩት ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ አካባቢ ተቀዝቅዘው ነው። የቤት ዕቃ የሚሆን ነገር አይደለም። አንድ የሚመለከተን ጉዳይ ግን አለ። ፒተር ሾር እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረበው ዘዴ፣ በቂ አቅም ያለው ኳንተም ማሽን ሲገኝ፣ ዛሬ ባንክና መልእክት የሚጠበቅበትን ምስጠራ ሊሰብር ይችላል። ለዚህ ነው የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ኳንተምን የሚቋቋሙ 3 የምስጠራ ደረጃዎችን ያጸደቀው። ከእናንተ የሚጠበቀው ስልካችሁንና ብሮውዘራችሁን ማደስ ነው፣ አዲሱ ምስጠራ በዚያ በኩል ይደርሳችኋል። "የኳንተም ሳንቲም ግዛ" ብሎ በቴሌግራም የሚጽፍላችሁን ሰው ዝጉት።

"ሁሉንም ኤአይ ከሠራው እኛ ለምን እንማራለን?" የሚለውን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማለሁ። የሚጠይቁኝ ሰነፎች አይደሉም፣ የተጨነቁ ልጆች ናቸው፣ ቤተሰቦቻቸውም ተስፋቸውን ጥለውባቸዋል። ለእነሱ የምነግራቸው የዚያን የክሊኒክ ልጅ ነው። በማግስቱ አጠገቤ አስቀመጥኩትና ቻትቦቱ የሰጠውን ኮድ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ አደረግሁ። ምንም አልነገርኩትም። የወሮቹ ዝርዝር ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ አንድ በአንድ ቆጠራቸው። 12 ናቸው። ዞር ብሎ አየኝ፣ ቀጥሎም ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር።

ኮዱን ለማረም አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። የተሳሳተ ወረቀት የወሰዱትን ታካሚዎች እየፈለጉ ለመንገር ግን ሁለት ቀን ወሰደ። ከእንግዳ ተቀባይዋ ጎን ተቀምጦ አንድ በአንድ ደወለላቸው፣ ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም "ከጠዋቱ" እያለ ነገራቸው።