ያገለገለ የጀልባ ሞተር ማርሽ ሲጮህ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ሐይቅ በሌለበት በፒያሳ፣ በግቢ ውስጥ የጀልባ ሞተር በውሃ በርሜል ማስነሳት ለጎረቤት እንግዳ ነገር ነው። ሆኖም ያገለገለ ሞተር ገዝቶ ወደ ዝዋይ ወይም ወደ ጣና ሊወስድ ላሰበ ሰው፣ ችግሩን መለዋወጫም ባለሙያም በቅርብ በሚገኝበት ከተማ ማወቁ ሐይቅ ዳር ደርሶ ከመፍታት ይሻላል። ከሁሉ በፊት ልብ ሊባል የሚገባው ከታች የሚሰማው ጩኸት ሁሉ የማርሽ አለመሆኑ ነው።

ፍተሻው የሚጀምረው ከጆሮ ሳይሆን ከዘይት ነው። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ካደረ በኋላ የማርሽ ቤቱን (ከሞተሩ ታች ማርሾቹና ዘይታቸው ያሉበትን ክፍል) የታችኛውን ብሎን በትልቅ ካቻቢቴ በጥቂቱ ማላላት ይበቃል፤ ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ፣ ገብቶ ከሆነ ቀድሞ የሚንጠባጠበው እሱ ነው። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ኦይል ሲሉ (በዘንጉ ዙሪያ ያለው የማሸጊያ ጎማ) ወይም የብሎኑ ማሸጊያ ውሃ አሳልፏል ማለት ነው፤ በዚህ ሁኔታ ከሠራም ኩሽኔታው ዝጎ ሊሆን ይችላል። ጫፉ ማግኔት ያለው ብሎን ላይ እንደ ቅባት የለሰለሰ ጥቁር ዝቃጭ ቢገኝ የተለመደ ነው፤ ጣት የሚወጋ ቁራጭ ከተገኘ ግን የጥርስ ስባሪ ስለሆነ ማርሽ ቤቱ ሳይፈታ ሞተሩ መነሳት የለበትም። ላዩ አቧራ ለብሶ ውስጡ አዲስ ንጹሕ ዘይት የተገኘበትን ሞተር እኔ ይበልጥ እጠራጠረዋለሁ፤ ሻጩ በዋዜማው የቀየረው ዘይት ስለ ማርሹ ምንም አይናገርም።

በበርሜል ሲሞከር ፕሮፔለሩ ይውለቅ፤ ውሃውም ከሞተሩ የውሃ መሳቢያ ቀዳዳ በላይ ይሁን። በውሃ እጥረት የውሃ ፓምፑ ጎማ ደርቆ ሲፋጭ የሚያሰማው ሲጥታ ከኩሽኔታ ጩኸት ጋር በቀላሉ ይምታታል፤ ጎማውም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ሊበላሽ ይችላል።

በዜሮ ማርሽ፣ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይሰጠው በዝቅተኛ ዙር) ሲሠራ የሚንኳኳ ድምፅ ገዢን ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጥ ምልክት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማርሹ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ስስ ነው፤ ስለዚህ ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ሞተሩም እየተንገጫገጨ ይሠራል። ይህ መንገጫገጭ በቋሚው ዘንግ ወርዶ በማርሽ ጥርሶች መካከል ባለው ጤናማ ክፍተት ውስጥ ጥርስን ከጥርስ ያማታል። እኔም በዚህ ተታልዬ አንድ ማርሽ ቤት ልፈታ ብሎኖቹን ካላላሁ በኋላ፣ የካርቡራቶሩን የሚኒሞ ብሎን ሩብ ዙር ሳዞር ድምፁ ጠፋ። ድምፁ ሚኒሞው ሲስተካከል ወይም ቤንዚን ሲሰጠው የሚጠፋ ከሆነ ማርሹ አይነካ፤ የመጨረሻው ማስተካከያም ሐይቁ ዳር ይደረግ፤ ዝዋይ ከአዲስ አበባ በ700 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላልና።

ወደፊት በሚሄድበት ጊዜ፣ በተለይ ጭነት ሲበዛበት፣ ቀጭ ቀጭ እያለ ከማርሽ የሚወጣ ሞተር ግን እውነተኛ ሕመም አለበት። መንስኤው በፊትና በኋላ ማርሾች መካከል እየተንሸራተተ ከአንዱ ጋር የሚቆላለፈው ዶግ ክላች ጠርዙ መዶልዶሙ ነው። በርሜል ውስጥ ጭነት ስለሌለ ይህ ችግር ሊደበቅ ስለሚችል በእጅ መፈተን ያስፈልጋል። የካንዴላው ገመድ ከተነቀለ በኋላ ወደፊት ማርሽ ገብቶ ፕሮፔለሩ በእጅ ይዙር፤ በአንዱ አቅጣጫ ቀጭ ቀጭ እያለ መዞሩ በብዙ ሞተሮች ጤናማ ነው፤ በሌላው አቅጣጫ ግን ተቆልፎ ሞተሩን ይዞ መዞር አለበት። ከተንሸራተተ መጀመሪያ የማርሽ ማስገቢያው ዘንግ ርዝመት ይስተካከል፤ ካልተሻለው ዶግ ክላቹና ተጓዳኝ ማርሹ አብረው ይቀየሩ፤ አዲሱን ከዶለዶመው ጋር ማጣመር ገንዘብ ማባከን ነው። ቶርኖ ቤት ወስዶ ጠርዙን በብየዳ ማስሞላት ርካሽ ቢመስልም፣ የብየዳው ሙቀት የብረቱን ጥንካሬ ስለሚያጠፋው ዕድሜ አይኖረውም። ጠርዙን የሚጨርሰው ደግሞ ለሞተሩ የታሰበ የሚመስለው ማርሽን ለስለስ አድርጎ በዝግታ የማስገባት ልማድ ነው፤ ማርሽ በሚኒሞ፣ በአንድ ቆራጥ እንቅስቃሴ ይገባል።

ከፍጥነት ጋር አብሮ የሚጨምር ልቅሶ የመሰለ ድምፅ የዘይት ማነስን፣ የኩሽኔታ ማለቅን ወይም ቀድሞ የፈታው ሰው በማርሾቹ ሥር ያሉትን ስስ ማስተካከያ ዋሸሮች አሳስቶ መመለሱን ያመለክታል። የትኛው ክፍል እንደታመመ ለማወቅ ካንዴላዎቹን አውጥቶ፣ ማርሽ አስገብቶ ፍላይዊሉን (በሞተሩ አናት ያለውን ከባድ መንኮራኩር) በእጅ በዝግታ ማዞር ይጠቅማል። ለምሳሌ ባለ 15 ፈረስ ጉልበት የያማሃ ኢንዱሮ ላይ ባለ 13 ጥርሱ ትንሽ ማርሽ ባለ 27 ጥርሱን ያዞራል፤ ስለዚህ የሚይዝ ነገር በእያንዳንዱ የፍላይዊል ዙር ከተሰማ ችግሩ በትንሹ ማርሽ ወይም በቋሚው ዘንግ በኩል ነው፤ ከሁለት ዙር ትንሽ በለጥ ባለ ልዩነት እየተደጋገመ ከተሰማ ደግሞ በትልቁ ማርሽ ወይም በፕሮፔለሩ ዘንግ በኩል ነው። ኩሽኔታ ጎኑ ላይ በተቀረጸው ቁጥር መርካቶ ሊፈለግ ይችላል፤ ማርሽ ግን ለዚያው ሞዴል የተሠራው ይታዘዝ።

ሞተሩ የማርሽ ጩኸት ሳያሰማ ዙሩ ብቻ እየጨመረ ጀልባው የማይፈጥን ከሆነ፣ በፕሮፔለሩ ውስጥ ያለው ጎማ ለቅቆ ሊሆን ይችላል። ከመሐሉ እስከ ውጪኛው ክፍል አንድ ቀጥ ያለ የቀለም መስመር ተስሎበት ይነዳ፤ ሲመለስ መስመሩ ከተሰበረ ጎማው ተንሸራቷል።

ሁሉ ተስተካክሎ ሲገጠም የማርሽ ዘይት ከታችኛው ቀዳዳ ተገፍቶ በላይኛው እስኪወጣ ይሞላል፤ አየር እንዳይቀር ከላይ መሙላት አይገባም። የላይኛው ብሎን ቀድሞ፣ የታችኛው ቀጥሎ በአዲስ ማሸጊያ ይጠበቃል። ከመጀመሪያው የሐይቅ ጉዞ በማግሥቱም የታችኛው ብሎን እንደገና በጥቂቱ ላልቶ ዘይቱ ይታይ።