በዐለታማ የባሕር ዳርቻ ለመዋኘት ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከባሕር ጠረፍ ከተሞች ወጣ ብለው ከሚገኙ የመዋኛ ስፍራዎች መካከል አሸዋ የሌላቸው፣ ሰው ከዐለት ላይ በቀጥታ ወደ ጥልቅ ውሃ የሚገባባቸው ቦታዎች የራሳቸው ወዳጆች አሏቸው። ውሃቸው ብዙ ጊዜ የጠራ ነው፤ ሕዝብ አይበዛባቸውም፤ ከገላ ላይ የሚራገፍ አሸዋም የለም። ይሁን እንጂ አሸዋማ ዳርቻ ብዙ ስህተት ይቅር ይላል። የደከመ ዋናተኛ ጥቂት ቢታገል እግሩ መሬት ይነካል፣ ሞገድ የጣለውም ሰው የሚወድቀው ለስላሳ ነገር ላይ ነው። በዐለት ላይ እንዲህ ያለ ምሕረት የለም፤ ከዚህ በታች ከሚነሡት ስህተቶች አብዛኛዎቹም የሚመነጩት ዐለቱን እንደ አሸዋ ከመቁጠር ነው።

መውጫውን ሳያረጋግጡ መግባት

ሌላውን ሁሉ የሚያስከትለው ስህተት ይህ ነው። ከዐለት ላይ ወደ ውሃ መግባት አንድ እርምጃ ወይም አንድ ዝላይ ብቻ ይፈልጋል፤ መውጣት ግን ቦታ፣ ጊዜና ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ዋናተኛው ደግሞ ለዚህ ሥራ የሚደርሰው ከደከመና እጁ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ከላይ ሲያዩት ጉልበት የማይሞላ የሚመስል የዐለት ጠርዝ ከውሃው ውስጥ ሲያዩት ከራስ በላይ ሊሆን ይችላል። ሞገዱ ዝቅ ባለ ቁጥር የብረቱ መሰላል የመጨረሻ ደረጃ አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ ከፍ ባለ ጊዜ ደግሞ ዋናተኛውን ከመሰላሉ ጋር ያላትመዋል። ጠርዙ በአልጌ የተሸፈነ ከሆነ ጣት የሚይዘው ነገር አያገኝም፤ ስለታም ዛጎል የተጣበቀበት ከሆነም መዳፍ ይቆርጣል።

ስለዚህ ልብስ ከማውለቅ በፊት ቢያንስ ሁለት መውጫዎችን መርጦ ማየት ይገባል። ሁለተኛው መውጫ የሚያስፈልገው ነፋሱ ወይም የባሕሩ ውሃ ፍሰት ከመጀመሪያው ቢያርቅዎት ነው። በአካባቢው የሚዋኙ ነዋሪዎች ካሉ ከየት እንደሚወጡ መመልከት፣ ከዚያም አልፎ መጠየቅ፣ ከማንኛውም የጉዞ መመሪያ የተሻለ መረጃ ይሰጣል። የሚወጡበት ጊዜ ሲደርስ ከዐለቱ ጥቂት ሜትር ርቀው ይጠብቁ፤ ትላልቆቹ ሞገዶች ይለፉ፤ ከዚያ በአነስተኛ ሞገድ ጀርባ ላይ ሆነው ይቅረቡና ውሃው ከፍ ሲያደርግዎት ጠርዙን ይዘው፣ ሳይቀመጡና ሳይዘገዩ፣ ቀጣዩ ሞገድ ከሚደርስበት በላይ ይውጡ። ካልተሳካ ተንጠልጥሎ ከመታገል ይልቅ በእግር ገፍቶ ወደ ኋላ መመለስና እንደገና መጠበቅ ይሻላል፤ ቆዳ የሚገፈፈውና ጉልበት የሚያልቀው በመንጠልጠሉ ነውና።

ባሕሩን ለአንድ ደቂቃ አይቶ መፍረድ

ሞገዶች እኩል ሆነው አይመጡም። ለብዙ ደቂቃዎች ትንንሾች ሲመላለሱ ከቆዩ በኋላ ጥቂት ትላልቆች ተከታትለው ይመጣሉ፤ ከዚያ ባሕሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ይረጋጋል። በአየር ትንበያ ላይ የሚነገረው የሞገድ ከፍታም የብዙዎች አማካይ እንጂ የትልቁ ልክ አይደለም፤ አማካዩ የሚሰላው ከጠቅላላው ሞገድ ከፍተኛውን አንድ ሦስተኛ ወስዶ ሲሆን፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የዚህን እጥፍ የሚጠጋ አንድ ሞገድ መምጣቱ የተለመደ ነው። ትንበያው 1.5 ሜትር ካለ፣ ወደ 3 ሜትር የሚጠጋውን አስቦ መቆም ያስፈልጋል ማለት ነው። በተከታታይ ሞገዶች መካከል ያለው ጊዜም መታየት አለበት። ከሩቅ ማዕበል የሚመጡ፣ በመካከላቸው 14 ሰከንድና ከዚያ በላይ ያለባቸው ሞገዶች፣ ከፍታቸው መጠነኛ ቢመስልም ዐለት ላይ ሲደርሱ የሚያወጡት ኃይል ከባድ ነው፤ በጠራ ሰማይና ነፋስ በሌለበት ቀንም ሊመጡ ይችላሉ።

ስለዚህ ከውሃው ርቆ፣ ከፍ ካለ ደረቅ ቦታ ላይ፣ ሩብ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ቆሞ መመልከት ጊዜ ማባከን አይደለም። ዐለቱ ራሱም ምልክት ይሰጣል። እርጥብ ወይም በአልጌ የጠቆረ ዐለት ውሃ በየጊዜው የሚደርስበት ነው፤ ደረቅና ነጣ ያለው ግን ውሃ እምብዛም የማይጎበኘው ነው። በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ በምትገኘው ፔጊስ ኮቭ ጎብኚዎች ከጥቁሮቹ ዐለቶች እንዲርቁ የሚነገራቸው በዚሁ ምክንያት ነው። ወቅቱም ፍርድን ይለውጣል። በሃዋይ ካዋይ ደሴት ሰሜናዊ ዳርቻ ያለው ኩዊንስ ባዝ የተባለው የዐለት ገንዳ በሐምሌ አካባቢ ጸጥ ያለ መዋኛ ሲሆን፣ በታኅሣሥና በጥር ግን ከሰሜን ፓሲፊክ ውቅያኖስ የሚመጣው ሞገድ ሰዎችን ከጠርዙ ጠርጎ ይወስዳል። በሐምሌ የተነሣውን ፎቶግራፍ አይቶ በጥር የሚሄድ ሰው ወደማያውቀው ቦታ እየሄደ ነው።

የውሃውን ሙላትና ጉድለት ሰዓት አለመጠየቅ

በአብዛኛው ዓለም ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ከአንዱ ሙላት እስከ ሌላው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው። በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው የውሃ ከፍታ ልዩነት ግን ከቦታ ቦታ እጅግ ይራራቃል። በሜዲትራኒያን ብዙ ቦታዎች ከግማሽ ሜትር ያንሳል፤ በካናዳ የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ግን እስከ 16 ሜትር ይደርሳል። በአዲስ ጨረቃና በሙሉ ጨረቃ ሰሞን ልዩነቱ ይሰፋል። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ውሃው በእኩል ፍጥነት የማይሞላ መሆኑን ነው። ከጉድለት እስከ ሙላት ባሉት ስድስት ሰዓታት ውስጥ የለውጡ ግማሽ ያህል የሚሆነው በመካከለኞቹ ሁለት ሰዓታት ነው። ከትልቁ ዐለት ጀርባ በደረቅ እግሩ የተሻገረ ቤተሰብ ሳያስተውል በውሃ የሚከበበው በእነዚህ ሰዓታት ነው። ከሲድኒ በስተ ደቡብ በሚገኘው ሮያል ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያሉት ፊገር ኤይት ፑልስ የተባሉ የዐለት ገንዳዎች የሚጎበኙት ውሃው በጎደለበት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ በሞገድ የተጎዱ ሰዎች በመብዛታቸው የፓርኩ አስተዳደር ስለ ቦታው የሞገድ ስጋት ትንበያ ያወጣል። የሙላትና የጉድለት ሰንጠረዥ በኢንተርኔትም ሆነ በወደብ ጽሕፈት ቤቶች በቀላሉ ይገኛል፤ ሳይመለከቱት ለመሄድ ምክንያት አይታየኝም።

ጥልቀቱን ሳይለኩ ከዐለት ላይ መዝለል

የጠራ ውሃ ዓይንን ያታልላል። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ ስለሚታጠፍ፣ በቀጥታ ወደ ታች ስናይ ጥልቀቱ የእውነተኛውን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ይመስላል፤ 2 ሜትር የሆነው 1.5 ሜትር መስሎ ይታያል። ዋና የማይችል ሰው «እዚህስ እቆማለሁ» ብሎ የሚገባው በዚህ የተነሣ ነው። ለዘላዩ ደግሞ አደጋው ሌላ ነው፤ የውሃው ገጽ ሲንቀጠቀጥ ወይም ፀሐይ ሲያርፍበት ከሥር ያለው ጉብታ ጨርሶ አይታይም፤ ጠዋት በሙላት ጊዜ በሰላም የተዘለለበት ቦታም ከሰዓት በኋላ ሁለት ሜትር ጎድሎ ሊጠብቅ ይችላል።

ከ5 ሜትር ከፍታ የሚዘል ሰው ውሃው ላይ የሚደርሰው በሰዓት ወደ 35 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነው፤ ከ10 ሜትር ከሆነ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በዚህ ፍጥነት በጭንቅላት መውረድና ዐለት ማግኘት የአንገት አጥንትን ሰብሮ ሰውን ዕድሜ ልኩን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። የሚዘልበትን ቦታ በመጀመሪያ በመውጫው በኩል ገብቶ፣ ዋኝቶ፣ በዋና መነጽር ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል፤ ይህንን በየጉብኝቱ መድገምም እንዲሁ። በማያውቁት ቦታ በጭንቅላት መግባትን ግን በምንም ሁኔታ አልመክርም። ሌሎች ሲዘልሉ ማየትም ማረጋገጫ አይሆንም፤ ለዓመታት የዘለሉበት ልጆች የሚያርፉበትን ትክክለኛ ነጥብ ያውቁታል፤ እንግዳው ግን አንድ ሜትር ወደ ግራ ሊያርፍ ይችላል።

የቅዝቃዜውን የመጀመሪያ ደቂቃዎች መናቅ

ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ውሃ ውስጥ በድንገት የገባ ሰው ሳይፈልግ በኃይል አየር ይስባል፤ ትንፋሹ ይጣደፋል፤ የልብ ምቱም ይጨምራል። በዚያች ቅጽበት አፉ ከውሃ በታች ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። አሸዋማው ዳርቻ ከቁርጭምጭሚት እስከ ወገብ ቀስ በቀስ ያለማምዳል፤ ዐለቱ ግን በአንድ ጊዜ ያስጠልቃል። ስለዚህ ፊትንና ደረትን አስቀድሞ ማራስ፣ መሰላል ካለ በመሰላሉ መውረድ፣ ድንጋጤው ከመጣም ለመዋኘት አለመታገል ይገባል፤ በጀርባ ተንጋሎ፣ ጆሮ ውሃ ውስጥ እስኪገባ ራስን ወደ ኋላ አዘንብሎ መንሳፈፍ በቂ ነው። በአንድና በሦስት ደቂቃ መካከል ትንፋሹ ይመለሳል። ከወጡ በኋላም ሰውነት ለጥቂት ጊዜ መቀዝቀዙን ስለሚቀጥል መንቀጥቀጡ ሳይጀምር ተጠራርጎ ደረቅ ልብስ መልበስ ያስፈልጋል፤ ፎጣውንና ልብሱን ታዲያ ሞገድ ከማይደርስበት ቦታ ማስቀመጥ ነው።

ከነፋስ ጋር መጫወት

በአየር የሚነፉ ፍራሾችና ጎማዎች ለዐለታማ ዳርቻ ፈጽሞ አይሆኑም። ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር በሚነፍስበት ቀን ከዳርቻው አጠገብ ያለው ውሃ እንደ መስተዋት ለጥ ብሎ ይታያል፤ ጥቂት እልፍ ሲባል ግን ነፋሱ ፍራሹን ከዋናተኛ ጉልበት በላይ በሆነ ፍጥነት ያርቀዋል። ከሄደ ይሂድ፤ ተከትሎ መዋኘት አያስፈልግም።

የሚሰጥመውን ሰው ተከትሎ መግባት

ለዘመድ ወይም ለጓደኛ ሲባል ያለ መሣሪያ ውሃ ውስጥ መግባት የአንዱን አደጋ የሁለት ያደርገዋል፤ በተለይ ሰውየውን የወሰደው ሞገድ ገና እየመታ ባለበት ቦታ። መጀመሪያ ወደ አካባቢው የነፍስ አድን አገልግሎት ይደውሉ፤ ከዚያ የሚንሳፈፍ ነገር ይወርውሩ፤ የመንሳፈፊያ ቀለበት ከሌለ በደንብ የተከደነ ባዶ ጀሪካን ወይም ትልቅ የውሃ ፕላስቲክ ያገለግላል። ለሰውየው ወደ ዐለቱ እንዳይቀርብ፣ ሞገዱ ከሚሰበርበት ወዲያ ርቆ እንዲንሳፈፍ ጮኸው ይንገሩት። ለብዙዎች የሚገርም ምክር ቢሆንም ሞገዱ ሲሰበር የሚፈጠረው ነጭ አረፋ አየር የበዛበት ስለሆነ ሰውን በሚገባ አይሸከምም፤ ሞገዱ ከሚሰበርበት ውጭ ያለው ውሃ ግን ያንሳፍፋል፣ ከዐለትም ጋር አያጋጭም።

በባዶ እግር መሄድና መርዛሞቹን አለማወቅ

ነጠላ ጫማ እርጥብ ዐለት ላይ ከባዶ እግር ብዙም አይሻልም። ሶሉ የሚይዝና እግር ላይ የሚጠብቅ የውሃ ጫማ ከአልጌም፣ ከስለታም ዛጎልም፣ በዐለት ስንጥቅ ውስጥ ከሚኖረው እሾኻም የባሕር ጃርትም በተሻለ ይጠብቃል፤ እጅን ወደማይታይ ስንጥቅ ማስገባት ግን ጫማ የማይከለክለው ስህተት ነው። በሞቃት ባሕሮች፣ ቀይ ባሕርን ጨምሮ፣ ድንጋይ መስሎ የሚተኛ መርዛም ዓሣ አለ፤ እሾኹ የወጋውን እግር ሳያቃጥል በሚቻለው መጠን እስከ 45 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ መንከር ሕመሙን ያስታግሣል፤ ከዚያም ያለ መዘግየት ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ጄሊፊሽ የተባለው ዝልግልግ የባሕር እንስሳ የነካው ሰው ቦታውን ማሸትም ሆነ ጨው በሌለው ውሃ ማጠብ የለበትም፤ ሁለቱም ቆዳው ላይ የቀሩትን የመርዝ ከረጢቶች ሊያፈነዱ ይችላሉ፤ በባሕሩ ውሃ ማጠብ ይሻላል። ኮምጣጤ በሞቃት ባሕር ለሚገኘው ቦክስ ጄሊፊሽ ይመከራል፤ ለሁሉም ዓይነት ግን አይሠራም። የባሕር ጃርት እሾኽ ቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ሲቀር የሚታየውን በወረንጦ ቀስ ብሎ ማውጣት ይቻላል፤ ስብርባሪው ወደ ውስጥ ከገባ ወይም መገጣጠሚያ አጠገብ ከሆነ ግን በመርፌ ከመቆፈር ይልቅ ለሐኪም መተው ይገባል።