«ጠጥቼው ዳንኩ» ሲባል፦ ተማሪዎች የጤና ወሬን እንዲያጣሩ እንዴት እናስተምር

ባሕር ዳር፣ ዘጠነኛ ክፍል። የዳማከሴ ቅርንጫፍ ይዤ ገባሁና ቅጠሉን በመዳፌ አሸሁት። ሽታው ሲደርሳቸው ሳቁ። «ምች መትቶት በዚህ ያልዳነ አለ?» ብዬ ጠየቅኩ፤ እጅ ያወጣ የለም። «ሳይታሽለት የዳነስ?» ዝም። ከኋላ ወንበር አንዷ «ቲቸር፣ ምች መትቶት ማን ዝም ብሎ ይቀመጣል?» አለች።

ትምህርቱ የተጀመረው እሷ ይህን ስትል ነው። ለማስተማር አራት ባለ 40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ የአንድ ብር ሳንቲሞች፣ ሁለት ሰሃን፣ ጥጥና አንድ እፍኝ ሽምብራ ይበቃል።

1. ወሬውን እንዳለ ሰብስቡ

ተማሪዎቹ ከቤት፣ ከገበያ፣ ከባጃጅ፣ ከቲክቶክና ከቴሌግራም የሰሙትን ቃል በቃል ጽፈው ያምጡ። ለእኔ የመጡት «ፌጦ በሎሚ ወባ ያጠፋል»፣ «መርፌ ከኪኒን ይበልጣል»፣ «የውጭ መድኃኒት ካገር ውስጡ ይሻላል»፣ «ነጭ ሽንኩርት ብላ፣ የግፊት ኪኒኑን ተወው» የሚሉ ነበሩ። የባህል መድኃኒትና የፋርማሲ ወሬ መቀላቀሉን አረጋግጡ። ሰሌዳው ላይ የአያት መድኃኒት ብቻ ከተደረደረ ትምህርቱ አያት መዝለፊያ ይሆናል፤ መጀመሪያ ሳስተምረው ይህ ደርሶብኛል።

2. ሳንቲም አስወርውሩ

ሁሉም ይቁሙ። እያንዳንዱ የራሱን «መድኃኒት» ይምረጥ፦ ሳንቲሙን እፍ ማለት፣ በግራ እጅ መወርወር፣ የፈለገውን። አንበሳ የወጣለት «ተሽሎታል»፣ ቆሞ ይቀጥላል፤ ሚዛን የወጣለት ይቀመጥ። 60 ተማሪ ካለ ከመጀመሪያው ውርወራ በኋላ 30 ያህል ይቀራል፣ ከዚያ 15፣ እያለ ከአምስተኛው በኋላ አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ።

አሁን ስልክ አውጡና የቆመውን እንደ ቲክቶክ ምስክር ጠይቁት። እኔ ክፍል የቀረው ልጅ ሳንቲሙን በጉልበቱ ሲያሽ ነበር። «እንዴት ቻልክ?» ስለው «የጉልበቴ ሙቀት ይመስለኛል» አለ፤ ቀልድ ነበር፣ ግን ግማሹን ሳያምንበት አልቀረም። ቀጥላችሁ ወደተቀመጡት ዞር በሉ። ከእነሱ ውስጥም ጉልበቱ ላይ ያሸ ነበር፤ ማንም ስልክ አልደቀነበትም። ለዚህ ጨዋታ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ስጡት፣ አትሩጡ።

3. «ከምን ጋር ሲነጻጸር?»

ምች ሲባል ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ውስጥ በራሱ ይድናል። ስለዚህ «አሽቼ ዳንኩ» ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ ዳማከሴ አይሠራም ማለትም አይደለም።

ጥሩው ምሳሌ የራሳችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ፤ ከዚያ ወደ ላይ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉት የውሃ ቀንድ አውጣዎች ናቸው፤ ጣና ዳር ውሃ ውስጥ ሲንቦራጨቅ ላደገ ልጅ ስሙ አዲስ አይደለም። እዚህ ላይ ቁሙና «ሌላ ምን ሊገድላቸው ይችላል?» በሉ። የልብሱ እድፍ፣ ፀሐዩ፣ ሞተው ጎርፍ አምጥቷቸው፣ ሁሉም ይጻፍ። ከዚያ የሆነውን ንገሯቸው፦ አክሊሉ በሕይወት ያሉትን ለቅመው የእንዶድ አረፋ ጨመሩባቸው፤ ሞቱ። ምርምሩ ከዚያ በኋላ ዓመታት ቀጠለ።

አንዱ «እንግዲያው እንዶድ እንጠጣ» ማለቱ አይቀርም። እንዶድ ሲጠጣ ሊመርዝ ይችላል፤ በቢልሃርዝያ ለታመመው ሰው የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ነው። ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣ መግደልና ሰው ማዳን የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

4. ራሳቸው ይሞክሩ

«የጣና ውሃ ከቧንቧ ውሃ ይልቅ ያበቅላል» የሚለውን ፈትኑ። በየሰሃኑ ጥጥ ላይ ሃያ ሃያ ሽምብራ ይደርደር። ፍሬው በዕጣ ይከፈል፣ ምክንያቱም ልጆች እንዲያሸንፍ ለሚፈልጉት ሰሃን ወፍራም ወፍራሙን ይመርጣሉ። የውሃው መጠንና ቦታው አንድ ይሁን። እኔ የጣናውን ሰሃን ሳላስበው መስኮት ላይ አስቀምጬው፣ በሦስተኛው ቀን ክፍሉ «ጣና! ጣና!» ሲል አብሬ አጨበጨብኩ። ስህተቱን ያየችው ያቺው የኋላ ወንበሯ ልጅ ናት። እንደገና ጀመርን።

አንድ ባልደረባዬ «ይህ ትምህርት ራሱስ ይሠራል?» ብሎኛል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ዑጋንዳ ውስጥ 120 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ወገን የጤና ወሬን ማጣራት ተምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በወጣው ውጤት ከተማሩት 69 በመቶው፣ ካልተማሩት 27 በመቶው የማለፊያ ነጥብ አግኝተዋል። ሽምብራና ሳንቲሙ ግን የእኔ ናቸው፤ በዚያ አልተፈተኑም።

5. ወደ ቤት ከመላካችሁ በፊት

ሰው ላይ ምንም አይሞከርም። ትኩሳት ያለው በዚያው ቀን ደሙን ይመርመር። ማንም የታዘዘለትን መድኃኒት በክፍል ውይይት ተነሥቶ አያቋርጥ። ጠበል ለክርክር አይቀርብም፤ «መድኃኒትህን ተው» የሚል ሰው ቃል ግን እንደማንኛውም ወሬ ይጠየቃል።

የቤት ሥራው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ በአክብሮት፣ ቡና ሲፈላ፦ «እማማ፣ ይህ ያልሠራለት ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል?» የኋላ ወንበሯ ልጅ አያት ዘጌ ናቸው። «ለአጎትሽ ሦስት ቀን አሸሁለት፣ እምቢ አለ። በጀልባ አሻግረን አስመረመርነው፣ ወባ ሆኖ ተገኘ» አሏት። ደብተሯ ላይ «ያልሠራላቸው» ከሚለው ሥር 1 ብላ ጻፈች።