«አራት ደቂቃ ይሠራና ይቆማል»፦ የሊኑክስ ማልቲካስት ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ ከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) ራሳቸው ገንብተው የማልቲካስት (አንድ ስርጭት ለጠየቁት ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚላክበት ዘዴ) ድጋፍ ለጨመሩና ሊኑክስ ሳጥኑን ከሆቴል ቴሌቪዥን ወይም ከፋብሪካ ካሜራ ጋር ላገናኙ ነው። ኬብሉ፣ አይፒው፣ ፒንጉ ታይቷል ብለን እንለፍ።

ምስሉ ይመጣል፣ 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ሲሆን ቀጥ ይላል

ደሴም ኮምቦልቻም የሚደጋገመው ይኼ ነው። ማጫወቻውን ዘግተው ሲከፍቱት እንደገና ይሠራል፤ ስለዚህ ጥፋቱ በማጫወቻው ይላከካል። ኮምቦልቻ አንድ ግቢ ውስጥ ካሜራ ተቀይሮ፣ ኬብል እንደ አዲስ ተጎትቶ፣ አዲሱም ካሜራ በአራተኛው ደቂቃ ቆሟል።

ጥፋቱ ስዊቹ ላይ ነው። አይጂኤምፒ ስኑፒንግ (የማልቲካስት ጥያቄዎችን ማዳመጥ) የበራበት ስዊች የትኛው ፖርት የትኛውን ግሩፕ (የማልቲካስት አድራሻ) እንደጠየቀ ይመዘግባል፤ ምዝገባው ካልታደሰ በ260 ሰከንድ ይሰርዘዋል (ሁለት ጊዜ 125፣ ሲደመር 10)። የሚታደሰው ደግሞ በየ125 ሰከንዱ «ማን ይፈልጋል?» የሚል ኳሪየር ካለ ብቻ ነው። የሊኑክስ ብሪጅ (በሶፍትዌር የተሠራ ስዊች) ኳሪየር ካልሰማ ለሁሉም ፖርት ይበትናል እንጂ አይቆርጥም፤ ርካሹ ስዊች ግን ይቆርጣል። ስኑፒንግ ኖሮት ኳሪየር የሌለውን ዕቃ «ማኔጅድ» ብሎ መሸጥ ያስቃል።

ለማረጋገጥ ቲሲፒደምፕን (በኔትወርኩ የሚያልፈውን የሚያሳይ ፕሮግራም) በአይጂኤምፒ አጣርታችሁ 5 ደቂቃ ተዉት። መጀመሪያ ላይ ሪፖርት (ተቀባዩ «እፈልጋለሁ» የሚልበት) ታይቶ፣ ከዚያ ወደ 224.0.0.1 የሚሄድ ጥያቄ ጭራሽ ካልመጣ ሌላ አትፈልጉ።

መፍትሄው ብሪጁን ኳሪየር ማድረግ ነው። በሲስ ክላስ ኔት ሥር ባለው የብሪጁ ማውጫ «ማልቲካስት ኳሪየር»ን 1 አድርጉ። ለብሪጁም አይፒ ሰጥታችሁ «ማልቲካስት ኩዌሪ ዩዝ ኢፍአድር»ን 1 አድርጉ፤ ይህ ከተረሳ ጥያቄው ከ0.0.0.0 ይወጣል፣ ብዙ ስዊችም አይሰማውም። ፋይሎቹ ጭራሽ ከሌሉ ከርነሉ ሲገነባ የብሪጅ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ አልተመረጠም።

ተጠንቀቁ፦ በእጅ የተጻፈው 1 መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወደ 0 ይመለሳል። ብሪጁን የሚያስነሳው ስክሪፕት ውስጥ አስገቡት። «ማታ ተስተካክሎ ነበር» የሚባለው ሁሉ ከዚህ ነው።

ተጠንቀቁ፦ ፋየርዎሉ ዩዲፒን ብቻ አሳልፎ ፕሮቶኮል 2ን (አይጂኤምፒን) ከጣለ፣ ኳሪየር እያለም በዚያው ደቂቃ ይቆማል።

ስኑፒንጉን አጥፍቶ መገላገልስ? 30 ቻናል በ4 ሜጋቢት 120 ሜጋቢት ነው፤ የ100 ሜጋቢት ፖርት ሁሉ ይታነቃል። ዋይፋዩማ ማልቲካስትን በዝቅተኛው ፍጥነት ስለሚልክ ቀድሞ ይሞታል።

ቲሲፒደምፕ ያያል፣ ፕሮግራሙ አይደርሰውም

አርፒ ፊልተር (rp_filter፣ ፓኬቱ በትክክለኛው ኢንተርፌስ መምጣቱን በላኪው አድራሻ የሚያጣራው የከርነል ቅንብር) ነው። ከርነሉ ከ«ኦል» (የሁሉም ኢንተርፌስ የጋራ ቅንብር) እና ከኢንተርፌሱ ትልቁን ቁጥር ይወስዳል፤ ኢንተርፌሱን 0 አድርጎ «ኦል»ን 1 ላይ መተው ዋጋ የለውም። 2 አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

21ኛው ግሩፕ ላይ «የበፈር ቦታ የለም» ይላል

ሜሞሪ አትግዙ። አይጂኤምፒ ማክስ ሜምበርሺፕስ (የግሩፕ ብዛት ጣሪያ) ካልተቀየረ ለአንድ ሶኬት (ፕሮግራሙ ለሚከፍተው የኔትወርክ መስመር) 20 ነው፤ ከፍ አድርጉት።

ወደ ሌላው ኔትወርክ አይሻገርም

የማልቲካስት ቲቲኤል (በየራውተሩ በአንድ የሚቀንሰው የፓኬቱ ዕድሜ) ካልተቀየረ 1 ነው፤ ላኪው ላይ ጨምሩ። «ኤምሲ ፎርዋርዲንግ»ን (ማልቲካስት ማሻገርን የሚያበራውን ፋይል) በእጅ ለመጻፍ አትታገሉ፣ አይጻፍም፤ የማልቲካስት ራውቲንግ ድጋፍ ያለው ከርነል ላይ ኤስኤምሲራውት (የማልቲካስት ራውቲንግ ፕሮግራም) ሲነሳ ራሱ ይበራል። 224.0.0 ብሎ የሚጀምር ግሩፕ ግን በምንም አይሻገርም፤ በ239 የሚጀምር ምረጡ።