በግራትስ ከተማ ከጓደኞች ጋር ሳይጣደፉ አንድ ቀን እንዴት ይዋላል?

ግራትስ በኦስትሪያ ከቪየና ቀጥላ ሁለተኛዋ ትልቅ ከተማ ብትሆንም፣ የሳልዝቡርግን ያህል ስሟ አይነሣም። ይህም ለጎብኚ ይበጃል። በ1999 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው አሮጌው ክፍሏ በእግር የሚዳረስ ነው፤ ሰልፍና ግፊያም ስለማይበዛበት ወሬ ሳይቋረጥ መዞር ይቻላል። ከቪየና በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ቢቻልም፣ ማታውኑ ገብቶ ማደር የተሻለ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶች በእኛ አቆጣጠር፣ ዓመቶቹ ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በዋዜማው ሁለት ነገር ብቻ ቁረጡ። አንደኛው ቀኑ ነው፤ ሰኞ ብዙዎቹ ሙዚየሞች ይዘጋሉ፣ እሑድ ደግሞ ሱቁም የገበሬዎቹ ገበያም ዝግ ነው። ሁለተኛው ከሰዓት በኋላ የሚታየው ነው፤ ወይ 32,000 ያህል ጥሩር፣ ጋሻ፣ ጎራዴና ጠመንጃ የታጨቀበትን የ17ኛው ክፍለ ዘመን የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት፣ ወይ የኤገንበርግን ቤተ መንግሥት ምረጡ። ሁለቱንም በአንድ ቀን ማየት ይቻላል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ አንዱ ጓደኛ ከፊት እየሮጠ፣ ሌላው ከኋላ እየተጎተተ፣ ሦስተኛው ሰዓቱን እያየ ይውላል። ዝናብ ካልጣለ በቀር እኔ ኤገንበርግን እመርጣለሁ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ከኦፔራ ቤቱ አጠገብ ባለው በካይዘር ዮሴፍ አደባባይ ገበያ ተገናኙ። የአካባቢው ገበሬዎች ፖም፣ አትክልት፣ ዳቦና አይብ ይሸጡበታል። ከሁሉም በላይ ልትቀምሱት የሚገባው ከዱባ ፍሬ የሚጨመቀው የስቲሪያ ክፍለ ሀገር ዘይት ነው፤ መልኩ ወደ ጥቁር ያደላ አረንጓዴ፣ ጣዕሙም ቆልተን የምንበላውን የዱባ ፍሬ የሚያስታውስ ነው። ጠርሙሱን ግን ጠዋት አትግዙ፤ ቀኑን ሙሉ የሚሸከመው ሰው ይጨቃጨቃል።

ከገበያው ጥቂት ደቂቃ በእግር ተጉዛችሁ ወደ አሮጌው የነገሥታት ግቢ ግቡ። እዚያ በ1499 የተሠራ መንታ ጠመዝማዛ የድንጋይ ደረጃ አለ። ሁለቱ ደረጃዎች ከአንድ ቦታ ተነሥተው በየፊናቸው ይዞራሉ፣ በየፎቁ እንደገና ይገናኛሉ፣ ከዚያም ዳግመኛ ይለያያሉ፤ በዚህም ምክንያት የከተማው ሰው የእርቅ ደረጃ ይለዋል። ለሁለት ተከፍላችሁ በአንድ ጊዜ ውጡ፤ አብሮ ከወጡማ ጨዋታው ይቀራል።

ከግቢው ፊት ለፊት ያለው ካቴድራል ደግሞ ከውስጡ ይልቅ በደቡብ በኩል ያለው የውጭ ግድግዳው ያስቆማል። በ1485 የተሣለው ሥዕል ከአምስት ዓመት በፊት ከተማዪቱን በአንድ ጊዜ የመቷትን ሦስት መቅሠፍቶች ያሳያል፤ እነርሱም አንበጣ፣ የቱርኮች ወረራና ወረርሽኝ ናቸው። ቀለሙ ክፉኛ ስለደበዘዘ ቀረብ ብሎ በትዕግሥት ማየት ይጠይቃል፤ አንበጣ ማሳ ሲወር ያየ ወይም ከአያቶቹ የሰማ ኢትዮጵያዊ ግን ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አምስት ሰዓት ከመሙላቱ በፊት በቅርብ ወዳለው የደወሎች አደባባይ ውረዱ። ሰዓቱ ሲሞላ ከአንድ ሕንፃ አናት ላይ መስኮቶች ይከፈቱና የአገሩን ልብስ የለበሱ የእንጨት ወንድና ሴት በደወል ዜማ ይጨፍራሉ። ለማየት አጭር ነው፤ ካመለጣችሁ ዘጠኝ ሰዓትና አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይደገማል። ከዚያ ወደ ዋናው ጎዳና ወጥታችሁ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በጣሊያናዊው ዶሜኒኮ ዴል አሊዮ የተሠራውን የላንድሃውስን፣ ማለትም የክፍለ ሀገሩን ምክር ቤት፣ ባለ ቅስት ግቢ እዩ።

ምሳ ላይ ከትልልቅ ባቄላ መሰል ጥራጥሬ በዱባ ዘይት የሚሠራውን ሰላጣ እዘዙ። ጾም ላይ ያለ ሰው እንቁላል እንዳይጨመርበት አስቀድሞ ይናገር። ለማይጾሙት በዱቄት ተለውሶ የተጠበሰ ዶሮ፣ ከዚያም ላይ የዱባ ዘይት የፈሰሰበት የቫኒላ አይስክሬም አለ፤ አይስክሬሙ ሲሰሙት ግራ ያጋባል፣ ሲቀምሱት ግን ጸጥ ያሰኛል።

ከምሳ በኋላ በ1 ቁጥር ትራም ወደ ኤገንበርግ ሂዱ። ግንባታው በ1625 የተጀመረው ይህ ቤተ መንግሥት በድንጋይ የተጻፈ የዘመን አቆጣጠር ነው፤ ለዓመቱ ቀናት 365 የውጭ መስኮቶች፣ ለወሩ ቀናት በየፎቁ 31 ክፍሎች፣ ለቀንና ሌሊቱ ሰዓታት 24 የክብር አዳራሾች፣ ለአራቱ ወቅቶች አራት ማማዎች አሉት። መነሻው በ1582 የወጣው የግሪጎርዮስ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ያን አቆጣጠር ያልተቀበለው ባለ 13 ወሩ ኢትዮጵያዊ በአዳራሾቹ ሲያልፍ ጳጉሜን የት እንዳስቀመጧት መጠየቁ አይቀርም። አዳራሾቹ የሚታዩት በሞቃቶቹ ወራት፣ በአስጎብኚ ብቻ ነው፤ መግባት ያልፈለገ ጓደኛ ፒኮኮቹ በሚንጎራደዱበት የአትክልት ስፍራ ሊጠብቅ ይችላል። አትለምኑት፤ ቀኑ የእርሱም ነው።

ስትመለሱ ከሙር ወንዝ ወዲያ ማዶ ውረዱ። እንደ ሰማያዊ ፊኛ ያበጠው ኩንስትሃውስ በ2003 የተሠራ የሥነ ጥበብ ማሳያ ነው፤ በዙሪያው ባሉት ቀይ የቤት ጣሪያዎች መካከል ምን እንደሚሠራ ክርክር ካስነሣ፣ ክርክሩን ድልድዩን እየተሻገራችሁ ጨርሱት።

ሽሎስበርግ የተባለውን ኮረብታ ለመጨረሻ አቆዩት። ጉልበት ያለው 260ውን ደረጃ ይውጣ፤ ያልቻለ በአለቱ ውስጥ በሚያልፈው አሳንሰር ወይም በገመድ በሚሳበው ባቡር ይምጣ። በአናቱ የነበረውን ምሽግ ናፖሌዎን በ1809 በጦርነት ሊይዘው ስላልቻለ፣ በሰላም ውሉ አማካይነት እንዲፈርስ አደረገ፤ የከተማው ነዋሪዎች ግን ገንዘብ አዋጥተው የሰዓቱን ማማና የደወሉን ማማ ከመፍረስ አዳኑ። የሰዓቱን ማማ ስታነቡ ተጠንቀቁ፤ ከሩቅ እንዲታይ በመጀመሪያ ረጅም የሰዓት ዘንግ ብቻ ነበረው፣ የደቂቃው ዘንግ በኋላ አጭር ሆኖ ስለተጨመረ ረጅሙ ሰዓትን፣ አጭሩ ደቂቃን ያመለክታል።

ሊዝል የሚሏት የ1587ቷ ትልቅ ደወል ምሽት አንድ ሰዓት ላይ 101 ጊዜ ትደወላለች፤ አፈ ታሪኩ ከ101 የቱርክ መድፍ ጥይቶች ቀልጣ ተሠራች ይላል። አሥር ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ቀይ ጣሪያዎቹ ከሚታዩበት አጥር አጠገብ ተቀመጡና ከመካከላችሁ አንዱ ይቁጠር።