ሜጋቢትን ወደ ሜጋባይት እንዴት እንቀይራለን?

የኢንተርኔት ፍጥነት የሚገለጸው አብዛኛውን ጊዜ በሜጋቢት በሰከንድ ሲሆን፣ ፋይል የምናወርድባቸው ብዙ ፕሮግራሞች ግን በሜጋባይት በሰከንድ ያሳያሉ፤ በምህጻረ ቃላቸው (Mb እና MB) ውስጥ ትንሿ የእንግሊዝኛ «ቢ» ቢትን፣ ትልቋ ደግሞ ባይትን ስለምታመለክት፣ አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው በዚህች አንዲት ፊደል ነው።

አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ የሜጋቢቱን ቁጥር ለ8 ማካፈል ይበቃል። ለምሳሌ 100 ሜጋቢት ለ8 ሲካፈል 12.5 ሜጋባይት ይሆናል፤ በዚህ ፍጥነት 1,500 ሜጋባይት የሚመዝን ፋይል በ120 ሰከንድ ይወርዳል። በተግባር ግን ከፋይሉ ጋር የአድራሻና የቁጥጥር መረጃም አብሮ ስለሚጓዝ፣ ጥቂት መዘግየቱ አይቀርም። ወደ ቢት ለመመለስ በ8 ይባዛል።

ከኪሎቢት ወደ ሜጋቢት፣ ከሜጋቢት ወደ ጊጋቢት ሲኬድ ደግሞ ማካፈያው 1,000 ነው፤ ብዙዎችን የሚያደናግረው 1,024 አንዳንድ ፕሮግራሞች የፋይል መጠን ሲቆጥሩ የሚጠቀሙበት እንጂ የመስመር ፍጥነት መለኪያ አይደለም።