ስለ ክሎን ልጅ የወጣቶች ሳይንስ ልብወለድ እንዴት ይጻፋል? (ከላብራቶሪ አትጀምሩ)

ስለ ክሎን፣ ማለትም ከአንድ ሰው ሴል ተወስዶ በዘር እሱኑ ሆኖ ስለሚወለድ ልጅ፣ ልጽፍ ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የሚያሳየኝ የመጀመሪያ ገጽ ሁሌ አንድ አይነት ነው፣ መስታወት ቱቦ ውስጥ የሚንሳፈፍ ልጅ፣ ሰማያዊ መብራት፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ክፉ ዶክተር ምናምን። እሱን እርሱት። ክሎን ትልቅ ሰው ሆኖ ከቱቦ አይወጣም፣ እንደማናችንም ተረግዞ ተወልዶ ጡት ጠብቶ ኩፍኝ ወጥቶበት ነው የሚያድገው፣ ታሪኩም ያለው እዛ ውስጥ ነው።

አንድ፦ መጀመሪያ ስም አውጡላት

በስም ጀምሩ የምለው ዝም ብዬ አይደለም። እኛ ጋ እኮ ልጅ ሞቶ ሌላ ሲወለድ ካሳ፣ ምትኩ፣ ተካ፣ ማስረሻ ብሎ መሰየም የኖረ ነገር ነው። ልጁ ገና አይኑን ሳይገልጥ "አንተ የሌላ ሰው ምትክ ነህ" ተብሏል፣ ያውም በተጠራ ቁጥር። ክሎን ማለት ይሄው ስም እስከ ሴል ድረስ ሲወርድ ነው በቃ።

የኔዋን ካሳነሽ አልኳት። ታላቅ እህቷ ሰብለ በ14 አመቷ መኪና ገጭቷት ሞተች፣ እናትየው ሴሏን አስቀምጣ ውጭ ሄዳ አርግዛ መጣች፣ ሰፈሩ የሚያውቀው ነገር የለም። አሁን ካሳነሽ 14 ልትሞላ ነው። "ሰው እንዴት አይጠረጥርም?" ብላችሁ አትጨነቁ፣ የሰፈር ሰው ለዚ መልስ አለው፣ "ውይ ቁርጥ እህቷን!" ይልና ቡናውን ይጠጣል። ስንቶቻችን ነን "ቁርጥ አባቱን" እየተባልን ያደግነው? የ15 አመት አንባቢያችሁ ከክሎኗ ጋር የሚገናኘው እዚች ቃል ላይ ነው።

በነገራችን ላይ አንድ ሰውዬ ራሱን ክሎን ቢያስደርግ ደሞ ሌላ ጨዋታ ነው፣ ልጁ በሱ ስም ይጠራል፣ በዘር ግን የአያቱ ልጅ፣ የአባቱ መንታ ወንድም ነው። ፎርም ላይ "የአባት ስም" የምትለዋ መስመር ብቻዋን አንድ ምዕራፍ ይወጣታል።

ሁለት፦ ሳይንሱን እወቁት፣ ግን ግማሽ ገጽ ላይ ጨርሱት

አሰራሩ እንዲ ነው። እንቁላል ይወሰድና ኒውክለሱ፣ ዘሩን የያዘው መሀሉ፣ ይወጣል፣ በቦታው ክሎን ከሚደረገው ገላ የተወሰደ ሴል ይገባል፣ በኤሌክትሪክ ንዝረት እንዲዋሃዱ ይደረጋል፣ መከፋፈል ከጀመረ በኋላ ማህጸን ውስጥ ይቀመጣል። ዶሊ የምትባለው በግ እ.ኤ.አ ጁላይ 5 1996 ስኮትላንድ ኤደንብራ አጠገብ ሮዝሊን ኢንስቲትዩት የተወለደችው በዚ መንገድ ነው። ሴሉ የተወሰደው 6 አመት ከሆናት በግ ጡት ነው፣ ያቺ በግ ደሞ ዶሊ ስትወለድ በህይወት የለችም፣ ሴሏ ግን በረዶ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ስለዚ የሰብለ ነገር ከመሬት ተነስቶ የተፈጠረ አይደለም።

ክሎን ሆኖ መወለዱ የተረጋገጠ ሰው የለም። ለሰው የቀረበው እ.ኤ.አ 2018 ሻንጋይ ያሉ ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጓቸው ዦንግ ዦንግ እና ኋ ኋ የሚባሉት ሁለት ጦጣዎች ናቸው። የተባበሩት መንግስታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ 2005 በ84 ድጋፍ በ34 ተቃውሞ ሰውን ክሎን ማድረግ ይከልከል የሚል መግለጫ አውጥቷል፣ አስገዳጅ ባይሆንም እናትየው ለምን ዝም እንዳለች ለማስረዳት ይበቃችኋል።

አሁን አንድ ቁጥር ያዙልኝ፣ 277። ዶሊ እስክትመጣ 277 ጊዜ ሴልና እንቁላል ተዋህዷል፣ ከዛ ውስጥ ማህጸን የገቡት 29 ናቸው፣ በግ ሆና የወጣችው አንድ። ይሄ ለሳይንቲስት ሪፖርት ነው፣ ለጸሀፊ ግን ወርቅ ነው። ካሳነሽ ከመምጣቷ በፊት እናቷ ስንት ጊዜ ጽንስ ወርዶባታል? ከሷ በፊት የነበሩትስ ስማቸው ማን ሊባል ነበር? ልጅቷ እህቷን መተካቷን ችላ ትኖር ይሆናል፣ ከዛ ሁሉ መሀል እሷ ብቻ መትረፏን ስትሰማ ነው የምትሰበረው። እኔ የታሪኩን መሀል እዚ ላይ ነው ያረኩት።

አንድ ነገር ግን በናታችሁ አታድርጉ፣ ክሎኗን በድንገት አስረጅታችሁ አትግደሏት። ዶሊ እ.ኤ.አ 2003 እንድትሞት የተደረገው በቫይረስ በመጣ የሳንባ እጢ ምክንያት ነው። ከዛው ሴል የተወለዱ አራት እህቶቿ፣ ዴቢ፣ ዴኒስ፣ ዳያና እና ዴዚ፣ እ.ኤ.አ 2016 ሲመረመሩ አርጅተውም ደህና ነበሩ።

ሶስት፦ የማትመስልበትን ነገር ፈልጉ

ብዙ ጸሀፊ የሚለፋው መመሳሰሉን ለማሳየት ነው፣ እሱማ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ 2001 ቴክሳስ ውስጥ ሲሲ የምትባል ድመት ክሎን ተደረገች፣ ሴሉ የተወሰደባት ሬይንቦ፣ እናቷ እንበላትና፣ ባለ ሶስት ቀለም ድመት ነበረች፣ ሲሲ ስትወለድ ግን ብርቱካናማው የለም! ምክንያቱም የብርቱካናማው ጂን ያለው ኤክስ ክሮሞዞም የሚባለው የጂን ክር ላይ ነው፣ የሴት ድመት እያንዳንዱ ሴል ደሞ ካሉት ሁለት ኤክስ አንዱን ያጠፋል፣ እና የተወሰደው ሴል ያጠፋው የብርቱካናማውን ነበር። በጂን አንድ ናቸው፣ ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ግን ዘመድ አይመስሉም።

ለሰው ደሞ የጣት አሻራ አለላችሁ። አሻራ የሚቀረጸው ማህጸን ውስጥ ነው፣ ጽንሱ እንዴት እንደተኛ፣ ምን እንደነካው ሳይቀር ይወስነዋል፣ ለዛ ነው የአንድ እንቁላል መንታዎች እንኳን አሻራቸው የሚለያየው። እኔ በዚች ነገር ይሄን ትዕይንት ሰራሁ፦

ካሳነሽ እናቷ መሳቢያ ውስጥ የሰብለን ስልክ ታገኛለች። ስታነሳው ስክሪኑ ፊቷን አየና ክፍት አለ። ዋልፔፐሩ ላይ ራሷ አለች፣ ለብሳው በማታውቀው ቢጫ ሹራብ። ደንግጣ ዘጋችው፣ ትንሽ ቆየችና አውራ ጣቷን አሳረፈች። ስልኩ ነዘረ፣ እንቢ አለ። በቀሚሷ ጠርጋ ደገመችው፣ እንቢ። ሌባ ጣቷን፣ እንቢ። አስሩንም ሞክራ ስትጨርስ እየሳቀች ነበር።

ለምን እንደሳቀች አትጻፉ። "እኔ እሷ አይደለሁም" የምትል አረፍተ ነገር እጃችሁን ትበላችኋለች፣ እኔንም በልታኛለች፣ ጽፌያት አጠፋኋት።

አራት፦ አጠራሩን አትዝለሉ

አያትየው ሲደክማቸው ካሳነሽን "ሰብሊ" ብለው ይጠሯታል፣ እሷም "አቤት እማማ" ትላለች። አንዴ ብቻ አቤት ሳትል ትቅር። ከዚ በላይ አታብራሩት።

አምስት፦ ለታዳጊ አስነብቡ

ለትልቅ ሰው ብቻ ካስነበባችሁ "ጎበዝ" ይላችኋል፣ አለቀ። እኔ ለእህቴ ልጅ ሰጠኋት፣ 15 አመቷ ነው፣ ስለ ክሎኑም ስለ ማንነቱም ምንም ሳትል ስልኩ ጋ ስትደርስ ቀና ብላ "አጎቴ፣ ይሄ ስልክ 14 አመት ጠፍቶ ሲበራ ፒን አይጠይቅም እንዴ? ፊትና አሻራ እኮ መጀመሪያ ፒኑ ካልገባ አይሰራም" አለችኝ። ልክ ናት። ሁለት ሳምንት ተናድጄ ምዕራፉን እንደ አዲስ ጻፍኩት፣ ስልኩ እንደበራ ነው የኖረው አልኩ፣ ታዲያ ማነው ቻርጅ የሚያደርገው? እናትየው እስከዛ ድረስ ታሪኩ ውስጥ ምግብ ከማቅረብ ሌላ ስራ አልነበራትም። አሁን እሁድ እሁድ ከቤተክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ አራቱን ቁጥር ታስገባለች፣ የ11 ሰከንድ ቮይስ አንዴ ትሰማለች፣ መልሳ ቻርጅ ላይ ትሰካዋለች። ባትሪው ሁለቴ ተቀይሯል።